ቀለሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ከሥሯ እንይ



እንደሚታወሰው ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበራችን ሚኒባስ ለመጪው እንቁጣጣሽ ሙሉ ቀለም ትቀባ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ወጥቷል። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። መኪናይቱ ድንኳን ትጭናለች፣ ወንበርና ብረት ድስት ታመላልሳለች፣ ሰው ሲሞት አስከሬን ታደርሳለች፣ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትገኝም ሐኪም ቤት የምታደርሰው እሷው ነች። እንዲህ ያለች ንብረት ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ጎኗ ተልጦ ስትታይ ያሳፍራል መባሉ እኛንም ይገባናል። ይሁንና ስብሰባው ውሳኔውን ለሚቀጥለው ጊዜ ስላስተላለፈው፣ እስከዚያው ድረስ ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር ወደድን። ሐሳባችን አጭር ነው። የተዋጣው ገንዘብ ለቀለም አይውጣ። መጀመሪያ ከሥሯ ይታይ፣ ዝገቷ ይነሣ፣ የተበላው ተቆርጦ ይበየድ፤ ይህም ሥራ ክረምቱ ሳይገባ በዚሁ በግንቦት ይጠናቀቅ። ቀለሙ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል።

ይህን የምንለው ዝም ብለን አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ መካኒክ ጋር ሆነን ጉድጓድ ላይ አቁመናት ሥሯ ገብተን ነበር። ዋናው ሻንሲ ደህና ነው፣ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከቀኝ የኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው ላሜራ ግን ድምፁ እንደ ካርቶን ነው፤ ጠመንጃ መፍቻ ሲገፉት ዘው ብሎ ገባ። ተንሸራታቹ በር የሚረግጥበት ደረጃ ከውስጥ ተበልቷል። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦም ቅርፊት ማውጣት ጀምሯል። እንግዲህ ከላይ የሚያብለጨልጭ ቀለም ቀብተን ከሥር ፍሬኗ ቢበጠስ ምን ሊባል ነው? ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይኸው አይደለም እንዴ?

ነገሩ የማኅበሩን መኪና ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ በስብሰባው ላይ ተናግረን እንጨርሰው ነበር። ግን ሠፈራችንን ዞር ዞር ብሎ ላየ ሰው፣ በየደጁ የቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ ከባለቤቶቻቸው የበኩር ልጅ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ቮልስዋገን አለ፣ ላዳ አለ፣ ዲኤክስ ኮሮላ አለ፣ ጎኑ የተጠጋገነ ሚኒባስ አለ፣ ሥራ የማያርፍ አይሱዙ አለ። ከነዚህ ውስጥ ለጌጥ የተቀመጠ የለም። አንዱ በታክሲ ሥራ ልጆች ያስተምራል፣ ሌላው ከአትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላልሳል። ሌላ ይገዛ እንዳይባል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ ነው የተደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪኩን መግዛት የቻለ ይግዛ፣ እንኳን ደስ ያለው። (በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናም አካሉ ብረት እስከሆነ ድረስ ዝገት አይምረውም።) ለቀረነው ግን ያለን ያው ያለን ነው። ሞተር ቢሞት ሞተር ይገኛል፤ ሳንዱቁ በዝገት ያለቀ መኪና ግን ሞተሩ ቢታደስለት የት ላይ ይታሰራል?

ዝገት ማለት ምን እንደሆነ በአጭሩ እንናገር። ብረት ከውሃና ከአየር ጋር አንድ ላይ ሲገናኝ ነው የሚዝገው። ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ዝገት የለም። አሉሚኒየም ድስታችንን ያየን እንደሆነ እሱም አየር ይይዘዋል፣ ግን የሚይዘው ስስ ሽፋን ውስጡን ይጠብቅለታል። የብረት ዝገት እንዲህ አይደለም። እንደ ስፖንጅ ነው፤ ውሃውን ጠጥቶ ይዞ ወደ ውስጥ ይበላል። ደግሞም ዝገት ከተበላው ብረት ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ሲያብጥም ቀለሙን ከፍ አድርጎ ይለጠዋል። ስለዚህ በመኪናችሁ ጎን ላይ የምስር ፍሬ የምታክል እብጠት ካያችሁ፣ ነገሩ የተጀመረው ትናንት አይደለም፤ ከውስጥ ሲሠራ ቆይቶ አሁን መውጫ አግኝቶ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ያቺ ቀዳዳ ውሃ ታስገባለች፣ ውሃው ጭቃ ያስገባል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የክረምት ጉዳይ ነው።

የቤታችን የጣሪያ ቆርቆሮ ብዙ ዓመት ዝናብ ሲወርድበት የሚቆየው ዚንክ ስለተቀባ ነው። ቢጫርም እንኳ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። የድሮዎቹ መኪኖች ላሜራ ግን በአብዛኛው ይህ ዚንክ የለውም። ጠባቂያቸው ቀለሙ ብቻ ነው። ቀለሙ አንድ ቦታ ከተከፈተ ብረቱ ራቁቱን ቀረ ማለት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «እኛ አገር ባሕር የለ፣ በረዶ የለ፣ ምን ያዝገዋል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ ብለው አስፋልቱ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ በስዊድን ወይም በሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። ጨው በውሃው ውስጥ ሲገባ ዝገትን ያፋጥነዋል። ከመኪኖቻችን ውስጥ ጥቂት የማይባሉት እዚያ አገር ክረምት አሳልፈው አርጅተው ነው የመጡልን። የባሕር አየር የመታቸውም አሉ። የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ ወይም ከአፍዴራ ጨው የሚጭን አይሱዙ ያለው ሰው ደግሞ ጨውን ከጓዳው አያጣውም፤ ሥሩን ለማጠብ ክረምት መጠበቅ የለበትም፣ በተመለሰ ቁጥር ይጠብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በኛ ሠፈር መኪና የሚገድለው ከላይ የሚወርደው ዝናብ አይደለም፤ ገብቶ የማይወጣው ውሃ ነው። የመኪና በር በመስኮቱ ጎሚኒ በኩል ውሃ ማስገባቱ የታወቀ ነው፣ ፋብሪካውም ያውቀዋል። ለዚህ ሲል ከበሩ በታች ትንንሽ ቀዳዳዎች ትቶለታል። እነዚያ ቀዳዳዎች በአቧራና በጭቃ ሲደፈኑ በሩ ባልዲ ይሆናል። መኪናችሁን ከፍታችሁ በሩን ስታወዛውዙት የውሃ ድምፅ የምትሰሙ አላችሁ፣ እናውቃለን። አንድ የቀጭን ሽቦ ሥራ ነው፤ ቀዳዳውን መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሳንቲምም አያስወጣም። ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ረጅሙ ቦይም እንደዚሁ ነው፣ መውጫ አለው፣ መውጫው ይደፈናል። ከፓራፋንጎው ጀርባ፣ ከመብራቱ በላይ ባለው ስርጉድ ቦታ የሚጠራቀመው ጭቃ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ፀሐይ አያገኘው፣ ንፋስ አያገኘው፤ ከመስከረም በኋላ አገሩ ሁሉ ደርቆ ያ ጭቃ ግን እርጥቡን ይከርማል። ብረት ደግሞ የሚዝገው እርጥብ ሆኖ በቆየበት ሰዓት ልክ ነው። አንድ ቀን ዝናብ መትቶት የደረቀ መኪናና ሦስት ወር እርጥብ ጭቃ ታቅፎ የኖረ መኪና አንድ አይደሉም።

የቮልስዋገን ባለቤቶችን ለይተን የምንነግራቸው አለን። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑን ታውቃላችሁ። የባትሪ አሲድ ጠብ ባለ ቁጥር ወለሉን ይበላዋል፣ ስለዚህ ወንበሩን አንሡና እዩት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ የምግብ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ መፍላቱን ሲያቆም በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁና ቀለም ቀቡት። ባትሪውን ከሥሩ ፕላስቲክ አድርጉለት። ከበሩ ሥር ያለው ቦይም በቮልስ ላይ የሙቀት አየር መተላለፊያ ስለሆነ ከውስጥ ነው የሚበሰብሰው። ከላይ አይታይም፣ በሩ አልገጥም ሲል ነው የሚታወቀው።

የሚኒባስ ታክሲ ወለል ጉዳይ ራሱን የቻለ ችግር ነው። በክረምት ሰው ጭቃ ረግጦ ይገባል፣ ጃንጥላ ያንጠባጥባል፣ ማታ ረዳቱ ወለሉን በባልዲ ውሃ ያጥበዋል፣ ከላይ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን አይነሣም። ውሃው ከምንጣፉ ሥር ገብቶ ያድራል። በአንድ የሠፈራችን ሰው ታክሲ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ተሳፋሪ ሲገባ ወለሉ ተቀዶ እግሩ እስከ ጉልበቱ ወረደ፤ መኪናው ቆሞ ስለነበር ተጭሮ ብቻ ተረፈ። እየሄደ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ታዲያ ምንጣፉን በሳምንት አንድ ቀን አንሥቶ ማስጣት ምን ይከብዳል?

ደግሞ የሸራና የላስቲክ ነገር አለ። እዚህ ላይ እናቶቻችን እንዳይቀየሙን እንለምናለን። አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሳቸውን መኪና በላስቲክ ጠቅልለው፣ ዙሪያውን በድንጋይ አስረው አስቀምጠዋል። የሚያስቡት ለልጃቸው ለማቆየት ነው፣ ልባቸውን እናውቀዋለን። ነገር ግን ከሣር ላይ የቆመ መኪና መሬቱ የሚተነፍሰውን እርጥበት ከሥር ይቀበላል፣ ላስቲኩ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይዞ ጠዋት ጠዋት መልሶ እንደ ላብ ያንጠባጥበዋል። በላስቲክ ከተጠቀለለ ሜዳ ላይ ቢቆም ይሻለዋል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት፣ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ቢሆን ንፋሱ ራሱ ያደርቀዋል። እርጥቡን መኪና ወደ ተዘጋ ሙቅ ጋራዥ ማስገባትም እንደዚያው ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ዝገት ይፈጥናል። ለእናታችን ከወጣቶቹ ጋር ተነጋግረናል፤ አራት እንጨትና ጥቂት ቆርቆሮ ከተገኘ ለአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ወደ ስቱኮ እንለፍ። ስቱኮ በራሱ ኃጢአት የለበትም፣ ጎድጎድ ያለውን ደህና ላሜራ ለማስተካከል የተሠራ ነው። ኃጢአቱ ቀዳዳ መድፈኛ ሲያደርጉት ነው። አንዳንድ ባቲላሜራ የተበላውን ቆርጦ በመበየድ ፈንታ ጋዜጣ ይወትፍና ስቱኮ ይመርግበታል። ሲቀባ ያምራል። በዓመቱ ግን ስቱኮው ውሃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ልጣጭ ይነሣል፣ ያን ጊዜ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይገኛል። አንድ ጎረቤታችን ከአንድ ጋራዥ አሠርቶ ያወጣውን መኪና በስምንተኛው ወር ፓራፋንጎው በእጁ ላይ ቀርቷል። መካኒኮቻችን እንደሚሉት መኪና ስትገዙ ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ብረት አይደለም። ሥሩ በአዲስ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ከተቀባም ጠርጥሩ። በዝገት ላይ የተቀባ ሬንጅ ዝገቱን አያቆመውም፤ እርጥበቱን ከውስጥ ቆልፎ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ። ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ሲሆን ነው ጥቅም ያለው።

የተቃጠለ ዘይትን በሚመለከት ከብዙ ሰው ጋር ላንስማማ እንችላለን። የመኪናን ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት መርጨት የቆየ ልማድ ነው፣ ዘይት ውሃን ማራቁም እውነት ነው። ቢሆንም እኛ እንቃወመዋለን። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ውስጥ አሲድና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚወጣው። ጎማ ነክ የሆኑ ክፍሎችን ያሳብጣል፣ ፍሬን ላይ ከደረሰ ደግሞ አደጋው የታወቀ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዘይቱ የትም አይቆይም። የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ ወንዙ ያወርደዋል፤ በዚያ ወንዝ ዳር ደግሞ ጎመን የሚያለሙና ከብት የሚያጠጡ አሉ። የአንዱ መኪና ዕድሜ እንዲረዝም የሌላው ጎመን ይመረዝ ማለት ጉርብትና አይደለም። ንጹሕ ዘይት በብሩሽ በስሱ መቀባት፣ ወይም አቅም የፈቀደለት ለዚሁ የተሠራውን ሰም መሰል ቅባት በቦዮቹ ውስጥ ማስረጨት ይችላል። ትንሽ ነው የሚፈጀው። ፍሬንና ጎማ ግን አይነካ፣ ማርሚታውም ስለሚግል አይቀባ።

አሠራሩን ባለሙያዎቹ ያውቁታል፣ እኛ ለባለመኪናው እንዲያስተውል ያህል ነው የምንጽፈው። መጀመሪያ ይታጠባል፣ በተለይ ሥሩና የፓራፋንጎው ውስጥ። ከዚያ ይደርቃል፤ ዛሬ ታጥቦ ዛሬ አይቀባም። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ቅርፊቱ ሁሉ ይነሣል፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ። በጥርብ ያልወጣ ዝገት ጉድጓድ ውስጥ ከቀረ ዝገት የሚለውጠው የፎስፎሪክ አሲድ ፈሳሽ ይቀባበታል። (ኮካኮላም ይህ አሲድ ስላለው ነው የተጣበቀ ብሎን ላይ የሚያፈሱት፤ ግን ደካማ ነው፣ ስኳሩም ይቀራል፣ ባትቀልዱ ይሻላል።) ቀጥሎ አንቲረስት፣ እሱ ሲደርቅ ቀለም፣ በመጨረሻ ቅባት። አንቲረስት ብቻውን በቂ ነው ብሎ ትቶ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ሜዳ ላይ ጣለ፤ አንቲረስት ውሃ ያሳልፋል፣ በላዩ ቀለም ይፈልጋል።

ብየዳ ካለ ግን ልብ በሉ። ከሰልባትዮ አጠገብ የሚበየድ ከሆነ ሰልባትዮው ተፈቶ ይውጣ። «ባዶ ነው» ማለት መልስ አይሆንም፤ ባዶው ሰልባትዮ በቤንዚን ትነት የተሞላ ስለሆነ ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳው እሱ ነው። የባትሪው ገመድ ይፈታ። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ወፍራም እንጨት ወይም የብረት ርግጫ ይደረግበት። ድንጋይና ብሎኬት ይሰነጠቃል። ለአሥር ደቂቃ ነው ብሎ የሚገባ ልጅ ስናይ ልባችን ይርዳል።

አሁን ለምን በግንቦት እንዳልን ግልጽ ይመስለናል። የቀለም ደጋፊዎቹ ሥራው ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ብለዋል፣ ያም ማለት በነሐሴ ይቀባ ማለት ነው። በነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ደረቅ ብረት ከየት ይመጣል? ከሰኔ ጀምሮ ውሃ ሲጠጣ የቆየ ላሜራ ላይ የሚቀባ ቀለም እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል፣ በገና በዓል መፋፋቅ ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ገንዘብ ልናወጣ ነው። ሥሯ አሁን ተጠርጎ ተበይዶ ተቀብቶ ክረምቱን ብትሻገር፣ ኅዳር ላይ ፀሐዩ ሲጠና ጎኗ ይቀባል፤ ያን ጊዜ የሚቀባው ቀለም ይቆያል። ለእንቁጣጣሽ ከፈለጋችሁ በሳሙና አጥበን አደይ አበባ እናስርላታለን፣ እሱም ያምራል።

«ቦሎ አልፋለች፣ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚልም አለ። ቦሎ የሚያየው በዚያ ቀን ያለውን ነው፣ የፍሬን ቱቦ ደግሞ በወራት ውስጥ ይበላል። ቱቦው ከውጭ በኩል እየሳሳ ሄዶ ሰው በሞላበት፣ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን አጥብቆ በተረገጠ ጊዜ ነው የሚፈነዳው፤ ምክንያቱም ግፊቱ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። የተበላ የፍሬን ቱቦ አይጠገንም፣ አይበየድም፣ ሙሉው ይለወጣል። በዚህ ላይ ክርክር የለንም፤ ስብሰባው ቀለም ቢመርጥ እንኳ ቱቦው ቅድሚያ ይለወጥ ብለን እንጠይቃለን።

ሁሉም መኪና ይዳን ማለታችንም አይደለም። ሻንሲው ራሱ የተበላ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ የረገፈ፣ የወንበር ቀበቶው የተያዘበት ብረት በእጅ የሚፈረፈር መኪና ካለ፣ ሰው መጫኑን ያቁም። እንዲህ ያለውን በጠጋን ላይ ጠጋን እየበየዱ ማቆየት ባለቤቱንም ተሳፋሪውንም መዋሸት ነው። ፈትቶ ሞተሩን፣ መስታወቱን፣ በሩን ለሚፈልገው መሸጥ ይሻላል። ከባድ ቃል ነው፣ በተለይ በዚያች መኪና ልጅ ለዳረ ሰው። የሠፈራችን መኪኖች ብዙዎቹ ግን ገና እዚያ አልደረሱም። አብዛኞቹ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ደረጃ ላይ ናቸው፤ የሚፈልጉት ውሃ፣ ሽቦ፣ ብሩሽና ከባለቤታቸው አንድ ግማሽ ቀን ነው።

ከዚህም የተነሣ ለስብሰባው ሦስት ነገር እናቀርባለን። የማኅበሩ ጉድጓድና የውሃ መስመር በግንቦት ቅዳሜዎች ለአባላት መኪና ሥር ማጠቢያ ይከፈት፤ ውሃውን የተጠቀመ የውሃውን ይክፈል። በግቢው በር አጠገብ አንድ በርሜል ይቀመጥና የተቃጠለ ዘይት እዚያ ይጠራቀም፣ ወደ ቦዩ ማፍሰስ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ሦስተኛው ከላይ ያልነው የሚኒባሳችን ጉዳይ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሚኒባሷ ጉድጓዱ ላይ ቆማ ትጠብቃችኋለች። ከስብሰባው በፊት እያንዳንዱ አባል ሥሯ ገብቶ በዓይኑ እንዲያያት እንፈልጋለን፤ ጠመንጃ መፍቻ አዘጋጅተናል፣ የምትጠራጠሩ ላሜራውን ራሳችሁ ግፉት። የእጅ ባትሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ነጭ ልብስ ግን አትልበሱ። መጎንበስ ለሚያቅታቸው አባቶችና እናቶች በስልክ ፎቶ አንሥተን እዚያው ወንበር ላይ እንዳሉ እናሳያለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ